ለመኪናዎ ሰምና ፖሊሽ ጥሩ ባለሙያ ስለማግኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪናቸውን ከመስጠታቸው በፊትና ከተረከቡ በኋላ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ከነመልሱ እነሆ።

ፖሊሽና ሰም አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም፤ እንዲያውም ሥራቸው ተቃራኒ ነው። ፖሊሽ ከመኪናው ላይ ይቀንሳል፣ ሰም ይጨምራል። ፖሊሽ ውስጥ የሚፍቁ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። በስፖንጅና በማሽን ሲታሹ የላይኛውን የቀለም ሽፋን በጣም በስሱ ይልጡታል። ጭረት ጎልቶ የሚታየን ጠርዙ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ዙሪያው ተፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር ሲስተካከል ብርሃኑ ሳይበተን ይመለሳል፣ ቀለሙም እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሰም ግን ምንም አይፍቅም። ላዩ ላይ ተቀብቶ የሚቀር ሽፋን ነው፤ ውሃውን ያንሸራትታል፣ አቧራው ቶሎ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ በቀጥታ ቀለሙ ላይ እንዳያርፉ ይከላከላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ እጥበት፣ ቀጥሎ ተሰክቶ የቀረውን ቆሻሻ ማንሳት፣ ቀጥሎ ፖሊሽ፣ መጨረሻ ላይ ሰም። «ዋክስ (ሰም) አድርጉልኝ» ብለው ሰጥተው ጭረቱ ስላልጠፋ የሚያዝኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ልዩነቱን ሊነግራቸው የሚገባው ሥራውን የተቀበለው ሰው ነበር።

መኪናዬ ፖሊሽ ይፈልግ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

አጥበውና አድርቀው ፀሐይ ላይ ያቁሙት፤ ከዚያ ኮፈኑን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የፀሐይዋን ነጸብራቅ ከብቦ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ጭረት ካዩ፣ በቆሸሸ ጨርቅ ወይም በማጠቢያ ማሽን ብሩሽ የመጣ ነው። ፖሊሽ በዋናነት የሚያነሳው እሱን ነው። ፀሐይ ከሌለ ጨለም ያለ ቦታ ላይ የስልክ መብራት ይበቃል። ጥቁርና ጠቆር ባለ ቀለም ላይ አፍጥጦ ይታያል። ነጭ ላይ አይታይም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ፍተሻ የእጅ ነው። ስስ ፌስታል እጅዎ ላይ አጥልቀው የታጠበውን ኮፈን በቀስታ ይዳብሱ። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው ቦታ በፌስታሉ በኩል ኮርኮር ካለ፣ የፍሬን ብናኝና ሌላ ደቃቅ ነገር ተሰክቶበታል። ይህን ሳሙና አያነሳውም፤ እንደ ሊጥ እየታሸ የሚለሰልሰው ክሌይ የሚባለው ማጽጃ ያስፈልገዋል። ለብረት ብናኝ ደግሞ የሚረጭ ፈሳሽ አለ፤ ብረቱን ሲያገኝ ወይን ጠጅ ቀለም እያመጣ ይወርዳል፣ መኪናዎ ምን ያህል ብረት ተሸክሞ ይዞር እንደነበር ያኔ ያዩታል። ሻካራ ሆኖ ጭረት ከሌለበት ክሌይና ሰም ይበቃዋል።

ውሃ ሲረጩበት ድቡልቡል ጠብታ ሠርቶ መንከባለሉን ትቶ ዝርግ ብሎ ከተኛ ደግሞ ያለፈው ሰም አልቋል ማለት ነው።

የማሳጥብበት ላቫጆ ፖሊሽም እንሠራለን ይላል። እዚያው ባሠራስ?

ሰም ብቻ ከሆነ ብዙም አያሰጋም፤ ቢበላሽ ይነሳል። ፖሊሽ ግን የተላጠው አይመለስም፤ ስለዚህ ማሽኑን የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደሠራ ማወቅ አለብዎ። ጥሩ እጅ ያለው ባለሙያ የሚሠራባቸው ላቫጆዎች አሉ።

ከመወሰንዎ በፊት ቆም ብለው እጥበቱን ይመልከቱ። ጎማ የተፈገፈገበት ጨርቅ ኮፈን ላይ ሲወጣ ካዩ፣ ወይም መሬት የወደቀ ጨርቅ ተራግፎ ብቻ ወደ ሥራ ሲመለስ ካዩ፣ ፖሊሹን እዚያ አያሠሩ። ፖሊሽ የሚያነሳውን ጭረት የሚፈጥረው ያ ጨርቅ ነው።

በአካባቢዬ ጥሩ ባለሙያ የት ፈልጌ አገኛለሁ?

እኔ የመኪና ቀለም ቀቢዎችን አስቀድማለሁ። ሌላ ሰው ያቃጠለውን ቀለም እንደገና የሚቀቡት እነሱ ስለሆኑ ማን እንደሚጠነቀቅ፣ ማን እንደሚያበላሽ ያውቃሉ። ቀጥሎ ጥቁር መኪና ያላቸውን ሰዎች ይጠይቁ። ጥቁር መኪና ይዞ ከአንድ ባለሙያ ጋር ዓመታት የቆየ ሰው ካገኙ ፍለጋው ግማሽ ተሳክቷል።

ኢንተርኔት ላይ የሚያዩትን ፎቶ በጥንቃቄ ይመርምሩ። እርጥብ መኪና ሁሉ ያንጸባርቃል፤ ከሩቅ የተነሳ ፎቶም ምንም አይናገርም። የሚያሳምነው ፎቶ ከቅርብ የተነሳ፣ መብራት በቀጥታ የበራበት፣ ያው ቦታ ከሥራው በፊትና በኋላ የታየበት ነው። አስተያየቶችን ሲያነቡም በተረከቡበት ቀን ደስ ብሏቸው ከጻፉት ይልቅ ከጥቂት ወራት በኋላ የጻፉትን ይፈልጉ።

ከዚያ በእግርዎ ሄደው ይዩ። ሥራ ላይ ያለ መኪና ካለ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። የጎማ ጠርዞቹ፣ ጥቁር ፕላስቲኮቹና የበሩ ሹል መስመሮች በወረቀት ፕላስተር ከተሸፈኑ፣ ስፖንጆቹ ንጹሕና በየዓይነታቸው የተቀመጡ ከሆነ፣ መብራት በጎን በኩል ተተክሎ ሠሪው በየደቂቃው ጎንበስ እያለ የሚያይ ከሆነ፣ ጥሩ ቦታ ደርሰዋል።

ባለሙያውን ምን ብዬ ልጠይቀው?

መጀመሪያ ምንም አይጠይቁ፤ መኪናውን አሳይተው ዝም ይበሉ። የሚያውቅ ሰው ራሱ ይጠይቅዎታል፦ መኪናው ቀለም ተቀብቶ ያውቃል? የቱ ክፍል? ከዚህ በፊት ፖሊሽ ተሠርቷል? የሚያድረው ውጭ ነው ወይስ ጣራ ሥር? ሳይጠይቅና ሳይነካ ዋጋ የሚጠራልዎት ሰው የእርስዎን መኪና አላየውም።

ቀጥሎ የሚጠየቁት ሦስት ናቸው። አንደኛው የቀለም ውፍረት መለኪያ አለህ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው በትንሽ ቦታ ሞክረህ ታሳየኛለህ ወይ? ጥሩ ባለሙያ ኮፈኑ ላይ የሁለት መዳፍ ስፋት ያህል ሠርቶ ውጤቱን ያሳያል፣ ከተስማሙ በኋላ ወደ ሌላው ይሻገራል። ደግሞም ሙከራውን ሁልጊዜ ከደካማው ፖሊሽና ከለስላሳው ስፖንጅ ይጀምራል፤ አልበቃ ሲል ብቻ ወደ ጠንካራው ይሄዳል። ሦስተኛው ጥያቄ የማይጠፋው የትኛው ነው የሚለው ነው፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። «ሁሉም ይጠፋል» ካለዎት አመስግነው ይሂዱ። ጣቱን እያስኬደ «ይሄ ይሄዳል፣ ይሄኛው ይደበዝዛል፣ ይሄ ግን ጥልቅ ነው፣ አልነካውም» የሚልዎትን ይመኑት።

ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ይነጋገሩ፤ በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። መኪናውን ከመስጠትዎ በፊት ዙሪያውን ፎቶ ያንሱ።

ዋጋው ከቦታ ቦታ ለምን ይህን ያህል ይለያያል?

የሚከፍሉት ለሰዓት ስለሆነ ነው። ሁሉም «ፖሊሽ» ብለው ይጥሩት እንጂ አንዱ መኪናውን አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮት ይጨርሳል፣ ሌላው በጠንካራው ጭረቱን አንስቶ፣ በመካከለኛው አስተካክሎ፣ በለስላሳው ያወጣዋል። የመኪናው ስፋትና የቀለሙ ጥንካሬም አለበት። ዋጋ ከማወዳደርዎ በፊት «ስንት ዙር ነው? መጨረሻው ላይ የሚቀባው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ያኔ ተመሳሳይ ነገር ያወዳድራሉ።

ስንት ሰዓት ይወስዳል?

እጥበትና ሰም ከ2 እስከ 3 ሰዓት። አንድ ዙር ፖሊሽ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን። ጭረቱን በብዛት የሚያነሳ ባለብዙ ዙር ሥራ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን። ሙሉ ፖሊሽ በአንድ ሰዓት እናደርሳለን የሚል ቦታ የሚያደርሰው ሌላ ነገር ነው።

ቤቴ ድረስ መጥቶ የሚሠራ ይሻላል ወይስ ወርክሾፕ ያለው?

ለሰም ቤት መጥቶ የሚሠራ ይመቻል። ለፖሊሽ ግን ጥላ፣ ነፋስ የማያስገባ ቦታ፣ የማይቆራረጥ መብራትና ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። ብረቱ በፀሐይ ከጋለ ፖሊሹ ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቃል፤ ነፋስ የሚያመጣው አንድ የአሸዋ ቅንጣት ስፖንጁ ሥር ከገባ ደግሞ ሊያነሳ የመጣውን ጭረት ራሱ ይጨምራል። ጣራና ግድግዳ ያለው መኪና ማቆሚያ ካለዎት ቤት ይምጣ። ሜዳ ላይ ከሆነ ወደ ወርክሾፕ ይውሰዱት።

የትኛውን ሰም ላስቀባ? ሴራሚክስ ይሻላል የሚሉት እውነት ነው?

በሰፊው ሦስት ዓይነት ነው። ካርናውባ የተፈጥሮ ሰም ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል ላይ ይገኛል። በንጹሕ መልኩ ከተፈጥሮ ሰሞች እጅግ ከጠንካሮቹ አንዱ ሲሆን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ለመቀባት እንዲመች ከሌላ ለስላሳ ሰምና ማሟሟቻ ጋር ይደባለቃል። ጥቁርና ቀይ ቀለም ላይ የሚሰጠው ወዝ ደስ ይላል፣ ዕድሜው ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወር ገደማ ነው። ሁለተኛው ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ሽፋን ነው፤ ወዙ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዕድሜው ግን ወደ ግማሽ ዓመት ይጠጋል።

ሦስተኛው ሴራሚክ ኮቲንግ ነው፤ መሠረቱ ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር ነው። ከቀለሙ ጋር አጥብቆ ይያያዛል፣ እንደ ምርቱና እንደ አያያዙ ከአንድ ዓመት እስከ ጥቂት ዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይወቁ። ቀለሙ ላይ ያለውን ጭረት አብሮ ያሽገዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ፖሊሽ በደንብ ካልተሠራ ገንዘብዎን ያወጡት ጭረትዎን ለማቆየት ነው። ደግሞም ቁልፍ ቢጭረው አይጫርም የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ቀላል የእጥበት ጭረትን ይቀንሳል እንጂ ጋሻ አይደለም። መኪናውን በጥንቃቄ የሚያጥብ ሰው ካለዎት ሴራሚክስ ዋጋው ይገባዋል። የትም የሚያሳጥቡ ከሆነ በየጥቂት ወሩ ጥሩ ሲላንት ማስቀባቱ ይበልጥብኛል።

በየስንት ጊዜው መሠራት አለበት?

ሰሙ ባለቀ ቁጥር ይታደስ፤ ከላይ ያልኩት የውሃ ፍተሻ ይነግርዎታል። ፖሊሽ ግን በቀን መቁጠሪያ አይሠራም፤ ጭረቱ ሲያስፈልገው ብቻ ነው። «በየሦስት ወሩ ፖሊሽ ያድርጉ» የሚልዎት ሰው ቀለምዎን በየሦስት ወሩ እየላጠ ሊሰጥዎ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሰሙን ስለሚያጥበው ለመኪና የተሠራ ሻምፖ ይጠቀሙ።

እውነት ፖሊሽ ሲበዛ ቀለሙን ያሳሳል?

አዎ፣ እና ይህን ሁሉም የመኪና ባለቤት እንዲያውቀው እመኛለሁ። የዛሬ መኪኖች ቀለም ድርብርብ ነው፦ ከብረቱ ላይ መሠረቱ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከላይ ቀለም የሌለው ክሊር። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ ወደ 70 ማይክሮን ይሆናል፤ ሁለት ፀጉር ደርበው ያስቡት። ከዚያ ውስጥ ፖሊሽ የሚነካው ክሊር ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንድ ፀጉር ያንሳል።

በለስላሳ ፖሊሽ አንድ ዙር አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ሊወስድ ይችላል፣ በጠንካራው ደግሞ ከዚያ በላይ። ሲሰሙት ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ቀለሙን ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀው ክሊሩ ስለሆነ እስኪያልቅ ድረስ መጠቀም አይቻልም፤ ሲሳሳ ይደክማል፣ ነጭ ሆኖ ይላጣል። መኪና በዕድሜው የሚችለው ከባድ ፖሊሽ በጣት የሚቆጠር ነው።

መለኪያውን አለህ ወይ ብለው ይጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው። በብረቱ ላይ አስደግፎ ቁጥሩን ያነባል። ከ200 በላይ ከሆነ ያ ክፍል ዳግም መቀባቱን ይጠረጥራል፤ ከ1000 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ብረት መሙያ) ሊኖር ይችላል። 80 ካነበበ ደግሞ ማሽኑን አስቀምጦ ሊያነጋግርዎ ይገባል። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ በተለመደው መለኪያ አይለካም፤ እሱ ላይ የበለጠ መጠንቀቅ ነው።

ይህ ጭረት በፖሊሽ ይጠፋል?

ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ በአግድም ያስኪዱ። ሳይይዘው ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል ወይም በእጅጉ ይደበዝዛል። ጥፍርዎን ከያዘው ጥልቅ ነው፤ እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ያን ያህል መላጥ ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ ክሊሩን ይጨርሰዋል። ነጭ፣ ግራጫ ወይም ብረት ከታየ ጉዳዩ የቀለም ቀቢ ነው። ሌላ መኪና ታክኮ የተወው የሌላ ቀለም መስመር ግን ብዙ ጊዜ ከላይ የተለጠፈ ብቻ ስለሆነ፣ አስፈሪ ቢመስልም በቀላሉ ይነሳል።

በቅርቡ ቀለም የተቀባ መኪና፣ ወይም ማት (የማያንጸባርቅ) ቀለም ያለውስ?

አዲስ የተቀባ ቀለም ውስጡ ያለው ማሟሟቻ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ሰም ቶሎ ከተቀባበት መውጫውን ይዘጋበታል። የቀለም አምራቾች እንደ ምርታቸው ከ30 እስከ 90 ቀን መጠበቅን ይመክራሉ፤ የቀባውን ሰው ጠይቀው እሱ ባለው ይሂዱ። ማት ቀለም ጨርሶ ፖሊሽ አይነካውም። አንዴ በማሽን ከታሸ ያ ቦታ ብቻ ያንጸባርቃል፣ ወደ ነበረበት አይመለስም። ለማት የተሠራ ሽፋን አለ፤ እሱን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጉ።

የቆየ መኪና ከሆነና ክሊር ከሌለው ደግሞ ስፖንጁ ላይ የመኪናው ቀለም ሲወጣ አይደንግጡ፣ ያለ ነው። ክሊር ባለው መኪና ላይ ቀለም ከወጣ ግን ወዲያው ሥራው ይቁም።

የደበዘዘ የፊት መብራትም አብሮ ይሠራል?

ይሠራል። ፕላስቲኩ በፀሐይ ስለሚቃጠል ነው ቢጫ የሚሆነው፤ በብርጭቆ ወረቀትና በፖሊሽ ይጠራል። ከዚያ የፀሐይ መከላከያ ሽፋን ካልተቀባበት ግን ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ይህን ሽፋን ይቀቡ እንደሆነ ያረጋግጡ።

ስረከብ ምን ምን ልመልከት?

በምሽት ወይም ጣራ ሥር አይረከቡ። እኔ አንድ ጊዜ ጥቁር መኪናዬን አመሻሽ ላይ ተረከብኩ፤ በወርክሾፑ መብራት ውሃ የመሰለ ነበር፣ አመስግኜ ከፍዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ስንቀሳቀስ አብሮኝ የሚንቀሳቀስ ደብዛዛ የክብ ክብ ጥላ ከኮፈን እስከ ኋላ በር ሞልቶታል። ሆሎግራም የሚሉት ነው። ሮታሪ የሚባለውን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከር ማሽን ይዘው በጠንካራው ሠርተው ማለስለሻውን ዙር ሳይሠሩት ሲቀሩ የሚመጣ ነው። እየዞረ የሚወዛወዘው ዲኤ የሚባለው ማሽን ይህን የማምጣት ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። ሌላ ባለሙያ በለስላሳ ፖሊሽ አነሳልኝ፤ ያጣሁት ክሊር ግን ለሁለት ዙር ነበር።

ስለዚህ በቀን ብርሃን ይረከቡ፣ ከአንድ ቦታ ሆነው ሳይሆን እየተንቀሳቀሱ ይዩ። የበር ጠርዞችንና የኮፈኑን ሹል መስመር በደንብ ይመልከቱ፤ ክሊሩ እዚያ ስስ ስለሆነ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ጥቁር ፕላስቲክና ጎማ ላይ የደረቀ ነጭ ሰም ካለ እዚያው እንዲያጸዱት ያድርጉ፤ ከቆየ ለማስለቀቅ ያስቸግራል።

ከጥቂት እጥበት በኋላ ጭረቱ ሁሉ ተመልሶ ታየ። ተታልዬ ነው?

ምናልባት። ጭረትን ሳያነሱ ሞልተው የሚሸፍኑ ዘይትና ሰም ያለባቸው ምርቶች አሉ። ሙሌቱ ሲታጠብ ጭረቱ እንደነበረ ይወጣል። ባለሙያው «ክሊርህ ስስ ስለሆነ ልሸፍንልህ» ብሎ ነግሮዎት ከሆነ ቅን ሥራ ነው፤ እኔም ላረጀ መኪና እመርጠዋለሁ። ጭረቱን አንስቻለሁ ብሎ ከሆነ ግን የተከፈለውን ሥራ አልሠራም።

ይህን አስቀድሞ የሚለዩበት መንገድ አለ። ፖሊሹ አልቆ ሰሙ ከመቀባቱ በፊት አንድ ቦታ በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል እንዲጠርግልዎ ይጠይቁ። ዘይቱ ይነሳል፣ የቀረው እውነተኛው ገጽ ነው። ሥራውን የሚያምን ባለሙያ ይህን ሳይጠየቅ ያደርገዋል። ጭረቱ ቀስ በቀስ በወራት ውስጥ ከመጣ ደግሞ ወደ ማጠቢያ ጨርቅዎ ይመለሱ፤ አንድ ባልዲ ለሻምፖው፣ ሌላ ባልዲ ጨርቁን ለማለቅለቅ፣ ለጎማ ደግሞ የራሱ ጨርቅ ይኑር።

በማሽን ቀለሙን አቃጠሉብኝ። በሌላ ፖሊሽ ይስተካከላል?

አይስተካከልም። ክሊሩ አልቆ ወደ ቀለሙ ከዘለቀ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፖሊሽ ቁስሉን ያሰፋዋል። ያ ክፍል ተዘጋጅቶ እንደገና መቀባት አለበት። በቦታው ሰም ቀብተው ለመሸፈን ቢሞክሩ ይከልክሉ፤ ሰሙ ለቀለም ቀቢውም ተጨማሪ ሥራ ነው፣ በደንብ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም አይይዝለትም። ያዩትን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱና ከመስጠትዎ በፊት ካነሱት ፎቶ ጋር አስተያይተው ሳይዘገዩ ያነጋግሯቸው፤ መኪናውን ከግቢያቸው ሳያወጡት ቢሆን ደግሞ ክርክሩ ያጥራል።